ግድግዳ የማይጠጋው ጠረጴዛ

አንድ አናጢ ነበረ። እጁ የተመሰገነ፣ ስሙ ከሦስት ገበያ ማዶ የተሰማ አናጢ ነበረ። ይህን ሰው ያነሳሁብህ እንዲያው ወሬ አምሮኝ አይደለም፣ ወዳጄ አሰጋኸኝ። «ውጭ ያለው ሰው ሁሉ ይመርቀኛል፤ ቤቴ ስገባ ግን ልጆቼ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ምን አጥፍቼ ነው?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ጥያቄህ ከባድ ነው፤ በአንድ ቃል የምመልሰው አይደለም። ስለዚህ አረፍ በልና የአናጢውን ነገር ስማ። ደግሞ እንደ ልማድህ መሀል ላይ ገብተህ አትጨርስልኝ።

አናጢው የሚታወቀው በነበልባል ነበር። ዋንዛ ሲሰነጠቅ በጣውላው ሰፊ ገጽ ላይ አንዳንዴ እሳት የሚመስል መልክ ይወጣል። ቀይ ቡናማ መስመሮች እየተደራረቡ፣ ጫፋቸው ሾል ሾል እያለ ወደ ላይ ይሄዳሉ። የዚያ አገር ሰው ይህን ነበልባል ይለዋል። ሌላው አናጢ ነበልባል ሲያገኝ እሰየው ብሎ ይሠራበታል፣ ሲያጣም ቫርኒሹን ያወፍራል። ይኼኛው ግን ግንዱን ገና ከነቅርፊቱ አይቶ ነበልባሉ የት እንደተኛ ያውቅ ነበር። ሰው ሙሽራ ሊድር ሲያስብ ቀለበት ከማሰሩ በፊት የእሱን ተራ ይይዛል። ቤት ገብቶ ሣጥኑን ያየ እንግዳም ሳይቀመጥ «ይሄ የእሱ እጅ ነው» ይላል። አናጢው ይህን ሲሰማ ደስ ይለው ነበር፤ ደስ አይለኝም የሚል አናጢ ካለ ውሸታም ነው።

በዚያ አገር ታዲያ ዕቃ ሁሉ ግድግዳ ይጠጋል። ሣጥን ግድግዳ ይጠጋል፣ አልጋ ግድግዳ ይጠጋል፣ ቁም ሣጥንም ቢሆን እንደዚያው ነው። ስለዚህ ዕቃ ፊትና ጀርባ አለው። አናጢው ነበልባሉን ወደ ፊት ያመጣል፤ ጉጥ ያለበትን፣ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ የገባበትን፣ መስመሩ የተዘበራረቀውን ወደ ግድግዳው ያዞረዋል። ይህን ማታለል ብለህ እንዳትፈርድበት። ገዢውም ያውቃል፣ እሱም ያውቃል፤ አገሩ ሁሉ የሚሠራው እንዲህ ነው። «ግድግዳው ከከፋው ይንገረኝ» ይል ነበር እየሳቀ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከግድግዳ የመጣ አቤቱታ አልነበረም።

አንድ ቀን፣ ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ሽማግሌ የእህል ነጋዴ ወደ አናጢው ደጅ መጡ። ባለጸጋ ናቸው፤ ጎተራቸው ሙሉ፣ ቤታቸው ሰፊ። ልጆቻቸው ሰባት ሲሆኑ ከሁለት እናት ናቸው። የመጀመሪያዋ ሚስታቸው ሦስት ልጆች ወልዳ ሞተች። ሁለተኛዋ መጥታ አራት ወለደች። እሷም ክፉ እንጀራ እናት አልነበረችም፤ እሳቸውም ልጆቻቸውን የሚለዩ አባት አልነበሩም። ግን ሳይታሰብ፣ ማንም ሳያዝዝ፣ ትልልቆቹ ከግድግዳው ሥር ካለው መደብ ላይ፣ ትንንሾቹ ከአባትና ከእናታቸው ዘንድ እየተቀመጡ አደጉ። አድገው ቤት ከያዙ በኋላ ደግሞ ሦስቱ በልደት ይመጣሉ፣ አራቱ በፋሲካ ይመጣሉ። ሰባቱን አንድ ላይ ያየ ሰው ከጠፋ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗል። ተጣልተው አይደለም። እንዲያው አልተገናኙም፤ አለመገናኘታቸውም ከጠብ የባሰ ነገር ሆነ።

«ዳግማይ ትንሣኤ ሰባቱም ይመጣሉ» አሉ ነጋዴው። «ሽማግሌ ልኬ፣ ካህን ልኬ፣ እሺ አሰኝቻቸዋለሁ። ሁለት ገበታ ባቀርብ ለሁለት ይከፈሉብኛል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ጠረጴዛ እፈልጋለሁ። ከቤቱ መሀል የሚቆም፣ ዙሪያውን የሚቀመጡበት።»

«እግሩስ እንዴት ይሁንልዎ፣ አባባ?» አለ አናጢው።

«ወፍራም። ሕፃን ቢንጠላጠልበት፣ ሰካራም ቢደገፍበት የማይነቃነቅ። ግን ደግሞ ጉቶ እንዳይመስልብኝ፤ ከላይ ወፍሮ ወደ ታች እየጠበበ ይሂድ። መልኩም ያማረ ይሁን።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዕድሜዬ ሄዷል፤ ሌላ ዓመት አልጠብቅም» አሉ።

አናጢው እንጨት ነበረው። ከስድስት ዓመት በፊት የተቆረጠ ዋንዛ ወፍራም ወፍራም ተደርጎ ተሰንጥቆ፣ በየመሀሉ በትር ገብቶለት፣ ከዳሱ ሥር ደርቋል። ከዚያ ውስጥ ወደ ቅርፊቱ የቀረበውን፣ ነበልባሉ የጎላውን መረጠ። አራት እግር አወጣ፣ እያንዳንዱ በአራት ማዕዘን፣ ወርዱ አንድ መዳፍ ሙሉ። እግሮቹን የሚያያይዙት አግዳሚዎች የሚገቡበትን የላይኛውን ስንዝር እንዳለ ተወው። ከዚያ በታች በአራቱም ገጽ መስመር አስምሮ፣ በመጋዝ አንስቶ፣ በመላጊያ እየላገ አጠበበው። ባጠበበው ቁጥር ነበልባሉ እየረዘመ ሄደ። አናጢው ራሱ ቆም እያለ ያየው ነበር።

ይህ በአንደኛው ገጽ ነው። እንጨት ግን አራት ገጽ አለው። በሁለቱ ጎኖች መስመሮቹ ማጥበቢያው ላይ ሲደርሱ መሀል ለመሀል ተቆርጠው ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ ጥለቱ የተተረተረ ነጠላ ይመስላል። በአራተኛው ገጽ፣ ወደ ግንዱ ልብ በዞረው፣ ጠቆር ያለ ነገር አለ፣ ጉጥ አለ፣ ስንጥቅም አለ። አናጢው አየው። ሳያየው ቀርቶ አይደለም። እጁ ግን ለሠላሳ ዓመት የለመደውን አደረገ፤ ነበልባሉን ሁሉ ወደ በሩ፣ ጉጡን ሁሉ ወደ ማዶው ግድግዳ አዙሮ ገጠመው። ጠረጴዛው ከቤት መሀል እንደሚቆም በጆሮው ሰምቷል፤ እጁ ግን አልሰማም።

ሁዳዴ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጠረጴዛውን አምጥቶ ከነጋዴው አዳራሽ መሀል አቆመው። ከበሩ ሲገባ ያየ ሁሉ አፉን ያዘ። ጎረቤት መጣ፣ ካህኑ መጡ፣ የነጋዴው ሚስት እልል አለች። አናጢው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ምስጋናውን እየጠጣ ቆመ።

በዚያው ዕለት የነጋዴው ታላቂቱ ልጅ፣ ከመጀመሪያዋ ሚስት የተወለደችው፣ ለገበያ ወጥታ ኖሮ ጠረጴዛውን ለማየት ጎራ አለች። አርባ የሞላት፣ ንግግሯ ለስላሳ፣ ቁም ነገረኛ ሴት ናት። ከበሩ ቆማ አየች፤ «ግሩም ነው» አለች፤ ከልቧ ነው። ከዚያ ዞራ ከማዶ፣ ከመደቡ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ማንም ተቀመጪ አላላትም፣ እግሯ ነው የወሰዳት። ወደ ጠረጴዛው እግር ጎንበስ አለች።

«ጋሼ፣ በዚህ በኩል ሥራው አላለቀም እንዴ?»

«ኧረ አልቋል! እሱማ ጀርባው ነው» አለ አናጢው።

«ጠረጴዛ ጀርባ አለው?»

አናጢው ሳቀ። «ጀርባ የሌለው ዕቃ የት ይገኛል፣ እህቴ? ዋናው ከበር ሲገባ የሚታየው ነው።»

«ከበሩ የሚገባውማ እንግዳ ነው» አለች። በመዳፏ ጉጡን ዳሰሰችው፣ ስንጥቁንም ዳሰሰችው። «አልተቆጣሁም፣ ጋሼ። እርስዎም ደህና አድርገው ነው የሠሩት። እኔ ይህን በኩል አውቀዋለሁ፤ እናታችን ከሞተች ጀምሮ የተቀመጥነው እዚህ ነው።»

ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች። ከደጅ አባቷን ስማ «አባባ፣ እኛ እንደ ድሮው በልደት ብንመጣ ይሻላል» አለቻቸው። ድምፅዋ አልተለወጠም፣ እንባም አልነበረም። ሽማግሌው ግን ከደፉ ላይ ቁጭ አሉ። እሷ ካልመጣች ሁለቱ ወንድሞቿ እንደማይመጡ ያውቃሉ። አናጢውን ቀና ብለው አዩትና «ሦስቱ ካልመጡ ጠረጴዛው ምን ያደርግልኛል?» አሉት።

አናጢው በጣም ተናደደ። ለእንጨት እግር ብሎ ከአባቱ ማዕድ የሚቀር ሰው አለ ወይ? እንዲያ እያለ ለራሱ አጉረመረመ። ነገሩ ግን የእንጨት እግር ብቻ እንዳልሆነ ሆዱ ያውቀዋል። ሰው ብዙ ዘመን አንድ ጎን ተቀምጦ ከኖረ ያን ጎን ከሩቅ ይለየዋል፤ ለሌላው የማይታየው ለእሱ ይታየዋል። ልጅቱ ትንሽ ነገር አክብዳ አልነበረም። ትልቁን ነገር በትንሹ ውስጥ አይታው ነው።

በማግስቱ ተመልሶ ጠረጴዛውን አዞረው። አሁን ነበልባሉ ወደ መደቡ ሆነ፣ ጉጡም ወደ በሩ። የነጋዴው ሚስት ከጓዳ ወጥታ አየችና «ውይ! እንግዳ በጀርባ ልንቀበል ነው? ልጆቼስ የሚቀመጡት በየት በኩል ሆነና?» አለች። እውነቷን ነው። በደሉ አልጠፋም፣ ቦታ ነው የቀየረ። አናጢው ጠረጴዛውን ወደ ጎን አዞረው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ነበልባሉ ለመስኮቱ ደረሰና ሁለቱም ወገን የተተረተረውን ጎን ያይ ጀመር። «እንደሱ ከሆነ ሁሉንም ቀለም ልቀባው» ቢል ነጋዴው «ቀለም ለመቀባትማ ባሕር ዛፍ መቼ አነሰኝ?» አሉት። ጠረጴዛው ሲዞር ሲዞር ውሎ ከነበረበት ተመልሶ ቆመ። አናጢው ወገቡን እየያዘ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሚስቱ ከደጅ ከፀሐዩ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። ብዙ የማትናገር፣ ስትናገር ግን የማትስት ሴት ናት። የተቀመጠችበት አግዳሚ ወንበር አንደኛው እግሩ አጥሮ ስለሚንገዳገድ ከሥሩ አንዲት ቁራጭ እንጨት ሰክታበታለች። አናጢው የሚያደርገው ቢያጣ፣ ንዴቱን የሚወጣበት ቢፈልግ፣ ያችን ቁራጭ መዝዞ ሊወረውራት ጎንበስ አለ። የአናጢ ቤት አግዳሚ ቁራጭ ተሰክቶበት መታየቱ አሳፍሮታል።

«እሷን አትንካብኝ!» አለች ሚስቱ። «እግሩን እሠራልሻለሁ ስትለኝ ዓመት ሆነኝ። እሷን ከቁርጥራጭህ ውስጥ መርጬ ነው ያመጣኋት።»

«ምኗን ነው የመረጥሽው? የተጣለች ቁራጭ!»

«ወድቃ ስትገለበጥ በየትኛው ጎኗ ልመልሳት አልልም፤ በየትም ባዞራት አታስከፋም» አለች፤ ከዚያ ወደ ጥጧ ተመለሰች።

አናጢው ቁራጯን አገላበጣት። አንደኛው ገጽ ቀጥ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። ሁለተኛው እንደዚያው። ሦስተኛው፣ አራተኛውም። ነበልባል የለባት፣ ጉጥ የለባት፣ የተተረተረ የለባት። ከዚያ የተቆረጠችበትን አፏን አየ። የዛፉ የዕድሜ ቀለበቶች እንደ ሌላው እንጨት ከጎን ወደ ጎን አልተኙም፤ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን፣ በሰያፍ ነው የሚያልፉት። ለዚህ ነው አራቱም ገጽ አንድ የሆነው። አናጢው ከመሬት ተቀመጠ። ይህን የመሰለ ቁራጭ ከግንዱ ጥግ ጥግ እየቆረጠ፣ ነበልባል የለውም እያለ፣ ሠላሳ ዓመት ለእሳት ሲጥለው ኖሯል።

እንግዲህ ዘዴው ተገኘ ትለኛለህ። ዘዴውስ ተገኘ፣ ችግሩ እንጨቱ ነበር። እግሩ ወፍራም ነው፤ ወፍራም እግር በሰያፍ ለማውጣት ደግሞ ከእሱ በጣም የሚወፍር እንጨት ያስፈልጋል። ከዳሱ ሥር እንዲህ ያለ የቀረው አንድ ብቻ ነበር። ከዚያው ዋንዛ የታችኛው ክፍል፣ እጅግ ወፍራሙና እጅግ ሰፊው፣ በጆንያ ተጠቅልሎ ለብቻው ተቀምጧል። አናጢው ለማንም አላሳየውም። በዕድሜው ያየው የነበልባል ሁሉ ታላቅ እዚያ ውስጥ ነው። አንድ ቁም ሣጥን ሊሠራበት አስቧል፤ ሲሸመግል፣ እጁ መንቀጥቀጥ ሳይጀምር፣ ሰው እሱ ካለፈ በኋላም ቆሞ የሚያየው አንድ ቁም ሣጥን። ስድስት ዓመት ጆንያውን እየገለጠ ያየዋል፣ መልሶ ይሸፍነዋል።

እሱን በሰያፍ መቁረጥ ማለት ነበልባሉን ማረድ ማለት ነው። እግሩ የሚወጣው ከመሀል ዘንበል ብሎ ነው፤ ነበልባሉ ያለበት ገጽ ሦስት ማዕዘን ቁርጥራጭ ሆኖ በግራና በቀኝ ይወድቃል። ለዕቃ አይሆንም፣ ለማገዶ እንጂ።

አናጢው ጆንያውን ገልጦ ብዙ ሰዓት ተቀመጠ።  ምክንያትም ደረደረ። «ለዚያ ቤት ያለኝ ተራ እንጨት ይበቃል። ልጅቱም ትመጣለች፣ መቅረቷ ሲቆጫት ትመጣለች። የሰው ቂም የማስተካክለው እኔ ነኝ ወይ?» አለ። እያንዳንዱ ምክንያት ደህና ምክንያት ነበር። መሀል ላይ ግን የሽማግሌው አቀማመጥ ትዝ ይለዋል፤ ከደፉ ላይ፣ ኮፍያቸውን በጉልበታቸው አድርገው። ተነሣ። ማስመሪያውን አመጣ፣ እንጨቱ አፍ ላይ አራት ማዕዘኑን አስቀመጠ፣ ከዚያ አዘንብሎ ሰያፍ አደረገው። አሰመረ። መጋዙን ከመስመሩ ላይ አሳረፈና ዓይኑን ጨፈነ። የመጀመሪያውን ስበት ከሳበ በኋላ ገለጠው፤ ከዚያ ወዲያ ማቆም ስለሌለ ሥራው ቀለለው።

አራት እግር ወጣ። የላይኛውን ስንዝር ተወ፣ ከዚያ በታች አራቱንም ገጽ እኩል እኩል አጠበበ። መስመሮቹ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብለው ወረዱ፣ የተቆረጠ የለም። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ ቫርኒሹን ስስ አድርጎ ሁለት ጊዜ ቀባው። የቀድሞዎቹን እግሮች ከጠረጴዛው ነቅሎ እነዚህን ገጠመ። ጠረጴዛውን ፀሐይ ላይ አቁሞ ዙሪያውን ዞረ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ዞረ። ከጀመረበት ቦታ መድረሱን ያወቀው ከመሬት በተጣለው መዶሻው ነው። ደስም አለው፣ ቅርም አለው። ያማረ ነበር፤ ግን ማንም ከበር ቆሞ አፉን የሚይዝለት ዓይነት ማማር አልነበረም።

ነጋዴው ወደ ልጃቸው ላኩ። መልእክቱ አጭር ነበር፤ «ጠረጴዛው ተሠርቷል፣ መጥተሽ እይው፤ ካልወደድሽው ባለሽው ቀን ነይ።» በዳግማይ ትንሣኤ ጠዋት ታላቂቱ ልጅ ሁለቱን ወንድሞቿን አስከትላ ደረሰች። ከደጅ የቆሙት መንገድ ለቀቁላት። ገባች። ከበሩ አየችው። ዞረች፣ ከመደቡ በኩል አየችው፤ ጎንበስ አለች፣ በመዳፏ ዳሰሰች። በመስኮቱ በኩል ዞረች። ከዚያ ቀና ብላ ስትቆም ወዴት እንደምትቀመጥ ጠፋት። እግሯ እንደ ወትሮው አልወሰዳትም። በዚህ መሀል ታናሽ እህቷ፣ ከሁለተኛዋ እናት የተወለደችው የመጨረሻዋ፣ «እትዬ፣ እዚህ ነይ» ብላ ከጎኗ ያለውን ወንበር ሳበችላት። ተቀመጠች። ወንድሞቿም ካገኙበት ተቀመጡ። ሰባቱ ተቀላቀሉ።

በሉ፣ ጠጡ፣ ሳቁ። አናጢውም ተጋብዞ ነበርና ከጥግ ተቀምጦ ይጠብቃል። ምስጋናውን ነው የሚጠብቀው። ስለ ዶሮው ተመሰገነ፣ ስለ ጠላው ተመሰገነ፣ ስለ ካህኑ ቡራኬ ተነገረ። ስለ ጠረጴዛው አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ሕፃናት ከሥሩ ይሽሎከለካሉ፣ ከትልልቆቹ አንዱ ክርኑን ተክሎበት ይተርካል፣ ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ጫፉን ይዘው ልጆቻቸውን ተራ በተራ ያያሉ። አናጢው መጀመሪያ እንደ ሕፃን ተቀየመ። ያን የመሰለ ነበልባል አርዶ! ቆይቶ ግን ልብ አለ። የማንም ዓይን እግሩ ላይ የማያርፈው የሚፈልገው ነገር ስላጣበት ነው። ይህን ሲረዳ ቅያሜው ለቀቀው፤ ሁለተኛ ጠላ ጠየቀ።

ሲወጡ ታላቂቱ ልጅ ከበሩ አጠገብ አገኘችው። «ጋሼ፣ የትኛው ነው ፊቱ?» አለችው፤ ዓይኗ ይስቃል።

«እኔንም ጠፍቶኛል» አላት።

እንግዲህ አሰጋኸኝ፣ ታገሥህልኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው አፍህን የከፈትህ። አሁን ወዳንተ እንምጣ። እንጨቱ አንተ ነህ። ነበልባልህን ውጭ ሁሉ ያየዋል፣ እኔም አይቼዋለሁ። ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል የመጀመሪያው አንተ ነህ። የተጣሉ ባልና ሚስት ፊት ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳትሰለች ትቀመጣለህ። ይህ ውሸት አይደለም፣ እውነተኛ ዋንዛ ነው። ልጅህ ግን አንድ ነገር ልትነግርህ ስትጀምር «አጠር አድርጊው» ትላታለህ። ይህን ማን ነገረህ እንዳትለኝ። ቤትህን ግድግዳ አድርገኸዋል፤ ድካምህን፣ ቁጣህን፣ ዝምታህን ወደዚያ እያዞርክ ነው የኖርከው። ይህም እንደ አናጢው ነው፤ ከክፋት አይደለም፣ እጅህ ስለለመደ ነው። ግን ግድግዳ ያልኸው ጋ ሰው ተቀምጧል።

አንተ የምትፈልገው ነበልባሉን ለቤትም የማደርስበት መላ ንገረኝ ነው። እሱ የለም። አራቱም ገጹ ነበልባል የሆነ እንጨት እግዜር አልፈጠረም። ያለው መላ ማዘንበል ነው፤ ስታዘነብል ደግሞ ከነበልባሉ የሚወድቅ አለ። ከአሥር ቤት ሽምግልና አራቱ ይቀርብሃል። «አሰጋኸኝ ቀዝቅዟል፣ እንደ ድሮው አይደለም» የሚልህ ይኖራል፤ እሱም ያምሃል፣ አልዋሽህም። ልጆችህም ደርሰው አያመሰግኑህም። አንድ ቀን ብቻ ቤት ስትገባ የያዙትን ወሬ ሳያቋርጡ ይቀጥላሉ፣ ምናልባት ቀና ብለው እንኳ አያዩህም። ያን ቀን እንዳይከፋህ። ያ ነው ክፍያህ።

አሁን ከደጄ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፤ አንተ ስትገባ ተከትለውህ ሲመጡ አይቻቸዋለሁ። የድንበር ነገር ይዘው አንተን ነው የሚጠብቁት። አንተ በጓሮ በኩል ውጣ። ፀሐይዋ ገና ናት፣ ልጆችህም ገና አልተበተኑም። ለሰዎቹ እኔ እነግራቸዋለሁ፤ ቤቱ ሄደ እላቸዋለሁ።